ስምንት ሴንቲሜትር

እሑድ ጠዋት ሜትሮ የወንድሟን ቤት በር ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ሰውዬው ሄልሜቱን አጥልቆ ሳሎኑ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ጀርባውን ለሶፋው ሰጥቶ፣ እነዚያን ማለቂያ የሌላቸውን እግሮቹን ከጠረጴዛው ሥር ሸጉጦ፣ ሁለት እጁን መሪ እንደያዘ ሰው ፊት ለፊቱ ዘርግቷቸዋል። ሚስቱ ደግሞ የመጥረጊያውን እንጨት አንዱን ጫፍ ከሶፋው መደገፊያ፣ ሌላውን ጫፍ ከትንሿ በርጩማ ላይ አጋድማ በአናቱ ላይ ታሳልፍለታለች። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፏል፤ የቁርሱ ሳህን ሳይነሳ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። «ነካህ» ትላለች። ሰውዬው ያለ የሌለ ትንፋሹን ያወጣል፤ ትከሻውን ይሰብራል፤ ወገቡን ወደፊት ያንሸራትታል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ይለጠፋል። «አሁንስ?» ይላል ከሄልሜቱ ውስጥ። «አሁን አለፈ። ግን እንዲህ ተኝተህ መንገዱን በምንህ ልታየው ነው?» ሚስትየው ቀና ስትል የባሏ እህት በሩ ላይ ቆማ አየቻት። እንጨቱን ከኋላዋ ደበቀችና «እትዬ፣ ይግቡ እንጂ፣ ሻይ ፈልቷል» አለች፤ ፊቷ ግን ሻይ የሚጋብዝ ሰው ፊት አልነበረም።

ሜትሮ የሚለውን ስም ያወጡላት የከተማ አውቶቡሱ ጋራዥ ሠራተኞች ናቸው። የአካል ጥገና ክፍሉ ኃላፊ ናት። የተጣመመ ሻንሲ ሲመጣላት ገና ሳይለካ «በዚህ በኩል ሁለት ሴንቲ ወርዷል» ትላለች፤ ተለክቶ ሲታይ ሁለት ሴንቲ ነው። ወንድሟ እዚያው ድርጅት ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። ስለዚህ የሶፋውን መደገፊያና የበርጩማውን ከፍታ አይታ ምን እየተለካ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። የሶፋው መደገፊያ የመኪናው ቅስት ምትክ ነው፤ ቅስቱ ግን እዚያ ከፍታ ላይ መሆን አልነበረበትም። ስምንት ሴንቲሜትር ይጎድላል። በጓሮ በር ወጣችና የመኪናውን ሸራ ገለጠችው።

አውቶቡስ ነጂ ስላልኩ ሌላ ዓይነት መኪና የሚታያችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ይሄኛው አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣራም በርም የሌለው፣ አራት ጎማዎቹ ከአካሉ ውጪ ራቁታቸውን የሚሽከረከሩ የውድድር መኪና ነው። ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ በየፌርማታው እየቆመ፣ «አንተ ሹፌር፣ ወራጅ አለ እኮ፣ አትሰማም?» እየተባለ ይውልና እሑድ እሑድ ይህንን ይነዳል። በዚህች ምድር ላይ የኔ የሚለው ነገር እሱ ብቻ ነው ቢባል ሚስቱም አትቀየምም። እንዲህ ዓይነቱ መኪና ሲገለበጥ በሹፌሩ ጭንቅላትና በአስፋልቱ መካከል የሚቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከወንበሩ ጀርባ የተተከለው ቅስት ብረት። የሹፌሩ ራስ ከቅስቱ በታች ከሆነ መኪናው በቅስቱ ላይ ያርፋል። ከቅስቱ በላይ ከሆነ በሹፌሩ ራስ ላይ ያርፋል። ይህንን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ፋብሪካው መኪናውን የሠራው ከአርባ ዓመት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ጓደኞቹ ቀውላላው እያሉ የሚጠሩት የሜትሮ ወንድም ዓይነት ሰው ይነዳዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት ሜትሮ ራሷ፣ ከሥራ በኋላ ሁለት ቀን ቆይታ፣ በፋብሪካው ቅስት አናት ላይ ስምንት ሴንቲሜትር ከፍ የሚል ወፍራም ቱቦ አጉብጣ በይዳበት ነበር። አሁን የለም። እሷ በበየደችበት ቦታ ግራይንደር የላሰው፣ ጥቁር ቀለም የተለቀለቀ ሁለት ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። የተቆረጠው ቱቦ ከውሃው በርሜል ጎን ተጥሏል።

«ቆረጥከው» አለች። ወንድሟ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

«ቆረጥኩት።»

«መቼ?»

«ሐሙስ። እትዬ፣ በእናትሽ እንዳትጀምሪኝ። ሌላ ምን ምርጫ ሰጡኝ?»

ሜትሮ የምትለው ሞልቷት ነበር። ደሟ ፈልቶ ጆሮዋ ድረስ ደርሷል። ግን አፏን ልትከፍት ስትል የራሷ ጉድ ትዝ አላትና ሆድ ይፍጀው ብላ ሸራውን አጠፈች። መኪናውን ገፍተው ከተዋሱት ፒካፕ ጀርባ በተቀጠለው ተሳቢ ላይ ጫኑት፤ በገመድ አሰሩት፤ የመሣሪያውን ሳጥን፣ ትርፍ ጎማውንና የቤንዚኑን ጀሪካን አስገቡ፤ ሜትሮ የተቆረጠውንም ቱቦ አንሥታ ጨመረች። ሚስትየው በፌስታል ዳቦ ቋጥራ አመጣችና ለሜትሮ በመስኮት አቀበለቻት። እጇን ግን አልሰበሰበችም። «እትዬ፣ እኔ የመኪና ነገር አላውቅም» አለች ቀስ ብላ፣ ባሏ እንዳይሰማ። «የምልከው የእርስዎን ዓይን አምኜ ነው።» ሜትሮ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «እሺ» አለች።

መንገዱ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ወንድምና እህት በሃምሳው ደቂቃ ውስጥ ስለ ናፍጣ መወደድ፣ ስለ ጋራዡ አዲስ ሥራ አስኪያጅ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ኪራይ ስለጨመረባት የአክስታቸው ልጅ ተነጋገሩ። መምህሩን ማንም አላነሳውም። መምህሩ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ነው። እሱም የሜትሮ ወንድም በሚወዳደርበት በትንሹ ምድብ፣ ማለትም በትናንሽ ሞተር መኪናዎች ምድብ፣ ይወዳደር ነበር፤ እሱም እንደ ቀውላላው ቁመቱ ለመኪናው የማይመጥን ሰው ነበር። ከወር በፊት በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማው የሌላ መኪና የኋላ ጎማ ላይ ወጣ። ጎማ ጎማን ሲነካ መኪናው ይዘላል፤ የመምህሩም ዘለለና ተገልብጦ አረፈ። ሰውዬው እስካሁን ሆስፒታል ነው። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፤ በማንኪያ የምታጎርሰው ሚስቱ ናት። የውድድር ክለቡ ኮሚቴ ስለ አደጋው ያወጣው ሪፖርት አንድ መስመር ተኩል ነው፤ «ሹፌሩ የመቀመጫ ቀበቶውን በሚገባ ባለማጥበቁ ጉዳት ደርሶበታል» ይላል። በቃ። ጥፋተኛው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ሆነ። ከሥሩ ሦስት ፊርማ አለ፤ አንደኛው የሜትሮ ነው፣ እሑድ እሑድ የክለቡ መኪና መርማሪ እሷ ናትና። ከውድድሩ በፊት እያንዳንዱን መኪና አይታ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብላ የምትጽፈው እሷ ናት። ለምን እንደፈረመች ወንድሟ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ነግራው አታውቅም።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ሜትሮ በመምህሩ ደርሶ ያየችው በወንድሟ እንዳይደርስ ቅስቱን ከፍ አደረገች። በሚቀጥለው እሑድ የጎማ ነጋዴው የልጁ ባል ክስ አቀረበ። ጎማ ነጋዴው የክለቡ ሊቀመንበር ነው፤ የልጁ ባል ደግሞ በትንሹ ምድብ በነጥብ አንደኛ ነው፤ ሁሉም አማቹ ይለዋል። የክለቡ መተዳደሪያ ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ «የትንሹ ምድብ መኪና አካል ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል» ይላል። ገጽ ሃያ ሰባት ደግሞ፣ «የሹፌሩ ሄልሜት ከቅስቱ በታች መሆን አለበት» ይላል። ለረጅም ሰው ሁለቱን ገጾች ባንድ ላይ ማክበር አይቻልም፤ ኮሚቴው ግን ገጽ አሥራ አንድን አንብቦ መጽሐፉን ዘጋ። ቀውላላው «ለትንሹ ምድብ የማይገባ» ተብሎ ወደ ነጻው ምድብ ተላከ፤ ሞተራቸው የሱን እጥፍ ከሆኑ መኪናዎች ጋር። እዚያ አንድ ጊዜ ሮጠ። በግራ በቀኙ እንደ ቆመ ዕቃ አለፉት። ሰኞ ዕለት ግን አንድ ሰው የቀሩትን ቆጠረ። መምህሩ ሆስፒታል፣ ቀውላላው ነጻ ምድብ፤ ትንሹ ምድብ አምስት መኪና ብቻ ቀርቶታል። ገጽ አራት ላይ ከስድስት በታች ከሆኑ የዓመቱ ነጥብ አይቆጠርም ይላል። ነጥብ ካልተቆጠረ ዋንጫ የለም፤ ዋንጫ ከሌለ አማቹ አንደኛ አይደለም። ማክሰኞ ማታ ጎማ ነጋዴው ራሱ ስልክ ደወለ። «ያቺን ነገር አንሣትና ና እንጂ፣ ቤትህ እኮ ነው» አለው። ሰውዬው ለራሱ አንገት ሲሆን የማይገባ፣ ለሌላ ሰው ዋንጫ ሲሆን የሚገባ ሆነ። እዚህ ላይ ካልተናደዳችሁ ሌላ ቦታ አትናደዱ።

መወዳደሪያው ድሮ የአውሮፕላን ማረፊያ የነበረ ሜዳ ነው። ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ በየስንጥቁ ሣር በቅሏል፤ መታጠፊያዎቹ በአሮጌ ጎማ ክምር የታጠሩ ናቸው፣ ጎማውንም የሰጠው ጎማ ነጋዴው ስለሆነ በየክምሩ ላይ የሱቁ ስልክ ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፏል። ከቆርቆሮው ዳስ ሥር አንዲት ሴትዮ ሻይ ትሸጣለች፤ ዋጋው ከሰፈር ሻይ እጥፍ ነው፣ ጠያቂ ሲመጣ «ውሃውን ከየት እንደማመጣው ታውቃለህ?» ብላ አፉን ታስይዘዋለች። የኮሚቴው ክፍል ከበረራ መቆጣጠሪያው ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። ሜትሮ የመርማሪነት ባጇንና የምርመራ ጥራዟን ልትወስድ ወጣች። ሦስት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የድምፅ ማጉያው ማይክ፣ ከማይኩ አጠገብ ዋንጫው። ዋንጫው ላይ የአማቹ ስም ተቀርጾ አልቋል። ጎማ ነጋዴው ሆዱን ከጠረጴዛው ጋር አጣብቆ ለውዝ ይፈለፍላል።

«ሜትሮዬ፣ መጣሽልን!» አለ። «ስድስት ሞላን፣ እግዜር ይመስገን። ሰማይም ጠርቶልናል።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቱቦውን ይዤው መጥቻለሁ። የብየዳ ማሽን ከእሳት አደጋዎቹ እዋሳለሁ፤ በአርባ ደቂቃ ቦታው እመልሰዋለሁ። መኪናውን አያፈጥነውም፤ እንዲያውም ይከብደዋል። ለዛሬ ብቻ ይፍቀዱለት።»

ጎማ ነጋዴው ለውዙን አፉ ውስጥ ጨመረና ጭንቅላቱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። «ልጄ፣ እኔ ብቻዬን ብሆን ዛሬውኑ እፈቅድልሽ ነበር። ሕግ ነው። ሕግ ደግሞ ላንዱ ከታጠፈ ለሁሉም መታጠፍ ይጀምራል፤ ከዚያ ክለብ የሚባል ነገር አይኖርም። እኔ አጥፌ አላውቅም፣ አንቺም ታውቂኛለሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለምርመራው ደግሞ አታስቢ። እንደወትሮው ነው። ትንሽ ይተንፍስና ይለፍ» አለ።

እንደወትሮው። በዚህ ክለብ ውስጥ ወትሮ የሚባለው ነገር ይኸውላችሁ። መርማሪዋ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ከኋላው ቅስት እስከ ፊት ለፊቱ ብረት አጋድማ ታሳልፋለች፤ ዘንጉ ሄልሜቱን ካልነካ አልፏል ነው። ረጃጅሞቹን ሲነካቸው ግን መርማሪዋ «ተንፍስ» ትላለች፤ ሹፌሩም ይተነፍሳል፣ ይሟሽሻል፣ ካስፈለገ ቀበቶውን ያላላና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ዘንጉ ያልፋል። ዙሪያውን የቆሙት «ቁርስ አልበላህም አይደል?» እያሉ ይስቃሉ። ማንም ተንኮል ነው ብሎ አያስበውም፤ ልማድ ነው፣ እንዲያውም የፍቅር ነው፣ ሰው ከመወዳደር እንዳይቀር። ችግሩ ተሟሽሾ የሚነዳ ሰው አለመኖሩ ነው። መኪናው ሲነሳ ሹፌሩ መንገድ ማየት አለበት፤ ቀና ይላል፣ ራሱም ከቅስቱ በላይ ይወጣል። የላላውን ቀበቶ ደግሞ ጓንት ባጠለቀ እጁ መልሶ አያጠብቀውም። መምህሩን ከወር በፊት በዚህ መንገድ ያሳለፈችው ሜትሮ ናት። ሲነካው «ተንፍስ» አለችው። አሁንም ሲነካው «ቀበቶውን ትንሽ አላላው» አለችው። እሱም እየሳቀ አላላው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተገለበጠ።

ምርመራው ዳሱ ፊት ለፊት ተጀመረ። አማቹ የመጀመሪያው ነው፤ አጭርና ድንቡሽቡሽ ስለሆነ ዘንጉ ከአናቱ አንድ ስንዝር ርቆ አለፈ። ከሱ በኋላ ያሉትም አራቱ አለፉ። ሜትሮ ፍሬናቸውን ረገጠች፣ ጎማቸውን ወዘወዘች፣ የነዳጅ ቱቧቸውን በጣቷ ዳሰሰች፣ ጻፈች። ቀውላላው ስድስተኛ ነው። ገብቶ ሲቀመጥ ወሬው ጋብ አለ፤ ሁሉም እህትና ወንድም መሆናቸውን ያውቃል፣ ጨዋታ ይጠብቃል። ሜትሮ ጎንበስ ብላ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ በራሷ እጅ ሳበቻቸው፤ የትከሻውን፣ የወገቡን፣ እስኪያቃስት ድረስ። «መሪውን ያዝ» አለችው። ያዘ። «አሁን ፊት ለፊት ያለውን የጎማ ክምር እየው፤ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር አንብብልኝ።» ወንድሟ ቀና ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ዘንጉን አጋደመች፤ ሄልሜቱን ቀጭ አድርጎ መታው። ሰውዬው ወዲያው ገባውና ትንፋሹን አወጣ፤ የጠበቀው ቀበቶ ግን የትም አላስኬደውም። ከሄልሜቱ ቀዳዳ ውስጥ ዓይኑን አነሣባት። ያቺን ቃል እየጠበቀ ነበር። ዙሪያው የቆሙትም እየጠበቁ ነበር። ሜትሮ ቀጥ ብላ ቆመችና ጥራዟ ላይ «አላለፈም» ብላ ጻፈች።

«ምን ማለት ነው?» አለ አማቹ፣ ከሁሉ ቀድሞ።

ጎማ ነጋዴው ከፎቅ እያለከለከ ወረደ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሜትሮን በክርኗ ይዞ ገለል ሊያደርጋት ሞከረ፤ አልሄድም ስትለው እዚያው ሰው ፊት ጮኸ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳለፈችውን ሰው ዛሬ መጣሏ ቂም ነው አለ፤ ኮሚቴውን ለማሳጣት ነው አለ፤ ሴት ልጅ ስትናደድ ሥራና ቤት ይደበላለቅባታል አለ። ሜትሮ «ዘንጉ ነካው፣ ይኸው ራስዎ ይለኩ» ብላ ዘንጉን ዘረጋችለት። አልነካውም። ጥራዙን ከእጇ ነጠቀና፣ ሊቀመንበሩ በልዩ ሁኔታ ማሳለፍ ይችላል ብሎ፣ በመኪናው አፍንጫ ላይ ደግፎ «አልፏል» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ብዕሩ ወረቀቱን በሳው። «ተሰለፉ!» አለ። የአምስቱ መኪኖች ሞተር ባንድ ጊዜ ተነሣ።

ቀውላላው እጁን ወደ ማስነሻው ሰደደ። ሜትሮ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ከጎኑ ተንበረከከች፤ ኮንክሪቱ ጉልበቷን ላጠው። ሚስቱ በመስኮት ያለቻትን አሰበች፤ ከዚያ ግን ማሰቡን ተወችው፤ ፈርታለች፣ ፍርሃቷም የመኪናው አልነበረም። አፏን ሄልሜቱ ቀዳዳ ላይ አስጠጋች።

«ስማኝ። መምህሩን ተንፍስ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀበቶህን አላላው ያልኩትም እኔ ነኝ። ረስቶ አይደለም ያላጠበቀው፤ እኔ ነኝ ያስላላሁት። ሪፖርቱ ላይ የፈረምኩት እንዳይታወቅብኝ ነው።»

ወንድሟ እጁን ከማስነሻው ላይ አነሣ። ከዚያ ሄልሜቱን አወለቀ፤ ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተጣብቋል።

«ሆስፒታል አብረን ሄደን» አለ። «ሚስቱን አቅፈሽ አልቅሰሻል።»

«አዎ።»

«እኔ አጠገብሽ ቆሜ።»

«አዎ።»

ቀበቶውን ፈታና እነዚያን ረጃጅም እግሮቹን አንድ በአንድ ከመኪናው አወጣ። አላያትም። ጎማ ነጋዴው «ወዴት ነው? ወዴት ነው?» እያለ ሲከተለው ዞር ሳይል ሄዶ ጎማው ክምር ላይ ተቀመጠ፤ ሄልሜቱን ሁለት እግሮቹ መካከል አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። ሜትሮ መኪናውን ብቻዋን ከመንገዱ ገፍታ አወጣችው። የሚያግዛት አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ጩኸቱ አይደለም፤ ወንድሟ ከመኪናው የወጣው እሷን ስላመናት ሳይሆን ማመን ስላቆመ መሆኑ ነው። ሄዳ ከክምሩ አጠገብ ቆመች። አልተጠጋችውም፣ አልራቀችውም። እሱም ሂጂ አላላት።

ድምፅ ማጉያው ተንቋቋ። የጎማ ነጋዴው ድምፅ ነው፤ ቅድም የሚጮኸው ሰውዬ አይመስልም፣ ተረጋግቷል። «ክቡራን ተመልካቾች፣ አንድ ተወዳዳሪ በራሱ ፈቃድ ራሱን አግልሏል። ኮሚቴው ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣ በልዩ ሁኔታ፣ ትንሹ ምድብ ዛሬ በአምስት መኪና እንዲካሄድና የዓመቱ ነጥብም እንዲቆጠር ወስኗል። እናመሰግናለን።» ሰዉ አጨበጨበ። ለምን እንደሚያጨበጭብ አላወቀም፤ እናመሰግናለን ስለተባለ ብቻ ነው። አስቸኳይ ስብሰባው የፈጀው ሰውዬው ፎቅ ለመውጣት የፈጀበትን ጊዜ ያህል ነው። ለአንድ ሰው አንገት ስምንት ሴንቲሜትር አልታጠፍም ያለው ሕግ፣ ስም ለተቀረጸበት ዋንጫ ሲሆን በደረጃ ላይ ታጠፈ።

ቀውላላው ቀና አለ። «ይቻል ነበር እንዴ?» አለ። ተቆጥቶ አልነበረም የጠየቀው፤ ለማወቅ ፈልጎ ነው። «እትዬ፣ እንዲህ በቀላሉ ይቻል ነበር?»

«ይቻል ነበር።»

«ታዲያ እኔን ለምን አስቆረጡኝ?»

ሜትሮ ወደ ሕንፃው ሄደች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣችና የኮሚቴውን ክፍል በር ከፍታ ገባች። ጎማ ነጋዴው ፊት በላብ ወዝቷል፤ ከጎኑ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ለውዙን ይካፈላሉ። ታች አምስቱ መኪኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። «ይኸውልሽ፣ አለቀ ደቀቀ» አለና የምርመራ ጥራዙን ወደ እሷ ገፋው። «በአምስቱ ላይ ፈርሚና ይነሡ። ያንተ ያንቺ ብለን ቂም አንያያዝም፣ ቤተሰብ ነን።» ሜትሮ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አዲስ ገጽ ገለጠችና መጻፍ ጀመረች። ፊርማ ብቻ የጠበቀው ሰውዬ ብዕሩ አለማቆሙን ሲያይ በጠረጴዛው ላይ ዘንበል ብሎ በተገላቢጦሽ አነበበ። መምህሩን ያለ አግባብ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀበቶውን ያስላላሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ሊቀመንበሩን ጨምሮ ኮሚቴው ያውቅ ነበር፤ ሪፖርቱ ውሸት ነው ይላል። ከሥሩ ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመች።

«አንቺ ሴት፣ ራስሽን እኮ ነው የምትከሺው» አለ ጎማ ነጋዴው፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«አዎ። ከሪፖርቱ ጋር አያይዙልኝ። ሌላ ቅጂ ለመምህሩ ሚስት እኔ ራሴ እወስድላታለሁ።»

ገጹን ከጥራዙ ቦጨቀና ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ቀደደው። ቁርጥራጩን ለውዙ ልጣጭ ላይ ጣለው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ መስኮቱን ማየት ጀመረ። ሜትሮ የሚቀጥለውን ገጽ ገለጠችና ከመጀመሪያው፣ ቅድም ከጻፈችው ተለቅ ባሉ ፊደላት፣ እንደገና ጻፈች። ታች አንደኛው ሹፌር መጠበቅ ሰልችቶት ሞተሩን አጠፋ፤ ሁለተኛውም አጠፋ። በሩ ተከፈተ። ወንድሟ የበሩን ጉበን ላለመምታት ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ማንንም ሰላም ሳይል ከጀርባዋ ቆመ፣ የምትጽፈውን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ መጨረሻው ድረስ አነበበ።

«ቀኑንም ጻፊበት» አላት።